ጨረቃን መሳል

ቢላዋ ይሳላል፤ ሥዕልም ይሳላል። በግዕዝ ሁለቱ የተለያዩ ቃላት ነበሩ። ስለቱ ከ«ሰሐለ»፣ ሥዕሉ ከ«ሠዐለ» ነው የመጣው። የመጀመሪያው በራስ ሚካኤል ስሑል ስም ላይ እስከ ዛሬ ተቀምጧል፤ ስሑል ማለት የተሳለ፣ ብልህ ማለት ነው። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹን ሲተው ሁለቱ ተደባለቁ። ስለዚህ ዛሬ «ጨረቃዋን በሶፍትዌር ሳልኳት» ብዬ ባወራ፣ ደብዝዛ የነበረችውን ስለት አወጣሁላት ማለቴ ይሁን ወይስ የሌላትን ጨመርኩላት ማለቴ፣ ሰሚው ከቃሉ ብቻ ሊለይ አይችልም።

ይሄ የቃላት ጨዋታ ይመስላል። ግን ለአማተር የጨረቃ ፎቶ የሚያገለግሉትን የምስል ማጥሪያ ፕሮግራሞች ለመገምገም ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም። ያነበብኳቸው ንጽጽሮች አብዛኞቹ የሚጠይቁት «ጥርት ያለ ምስል የሚያወጣው የቱ ነው?» ብለው ነው። ጥርት ያለ የጨረቃ ምስል ከተፈለገማ ናሳ በነጻ ያድላል፣ ማውረድ ነው። ከባዱ የራስን ምስል ማጥራት ነው። እንግዲህ ጥያቄዬ፣ ፕሮግራሙ እጁ ላይ ያለው ሞረድ ነው ወይስ ብሩሽ? የሚል ነው።

በመጀመሪያ የሚጠራው ነገር ምን እንደሆነ እንግባባ። የምቀርጸው ከጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳን አልፎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ካለ ሰገነት ነው። ቴሌስኮፑ የመስታወቱ ስፋት 130 ሚሊ ሜትር ነው። ከበላያችን፣ 3200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ተቀምጠዋል፤ ከነሱ አጠገብ የኔው መጫወቻ ነው። ለጨረቃ ግን ይበቃል። ጨረቃ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። እዚያ ላይ 130 ሚሊ ሜትር መስታወት ለያይቶ ሊያሳይ የሚችለው ትንሹ ርቀት 1.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይሄ የብርሃን ሕግ ነው፤ በሶፍትዌር አይሻሻልም። ቁጥሯን ያዙልኝ፣ በኋላ ትፈለጋለች።

የአዲስ አበባ ሰማይ ለጨረቃ ያደላል። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆንን፣ በጣም ዝቅ ብላ በምታልፍበት ሌሊት እንኳ የመንገዷ ጫፍ ከአድማስ 50 ዲግሪ በላይ ነው። ለንደን ያለ አማተር በአንዳንድ ወቅት 15 ዲግሪ እንኳ ሳትሞላ ትጠልቅበታለች፤ ያን ሁሉ ወፍራም አየር አቋርጦ ነው የሚያያት። በዚያ ላይ ከተማችን ከፍታ ላይ ናት፤ ከከባቢ አየሩ ሩብ ያህሉ ከእግራችን በታች ነው። መጥፎው ጎን ክረምቱ ነው፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ቴሌስኮፑ ሽፋኑን አያወልቅም። ሌላው ጠላት ቆርቆሮ ነው። ቀን ሙሉ የጠጣውን ፀሐይ እስከ እኩለ ሌሊት ይተፋል፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ከዚያ ሙቀት ጋር ሲገናኝ ጨረቃ የሚፈላ ድስት ግርጌ ላይ እንደተቀመጠች ሳንቲም ትንቀጠቀጣለች። ጥር ላይ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ይረጋጋል። ለዚህ ነው የኔ ምርጥ ምስሎች በአብዛኛው የጎደሎ ጨረቃ የሆኑት፤ ሙሉዋ ስታበራ ቆርቆሮው ገና ትኩስ ነው።

እንዲህ ባለ አየር ውስጥ አንድ ፎቶ ማንሳት ዋጋ የለውም። ቪዲዮ ይቀረጻል፣ 3000 ፍሬም ያህል። ከዚያ አውቶስታከርት የሚባለው የሆላንዳዊው ኤሚል ክራይካምፕ ነጻ ፕሮግራም እያንዳንዱን ፍሬም መዝኖ፣ አየሩ ለቅጽበት የረጋባቸውን መርጦ፣ ቁራጭ በቁራጭ አስተካክሎ ይደራርባቸዋል። 300 ፍሬም ሲደራረብ የካሜራው ብጥብጥ ወደ 17 እጥፍ ይቀንሳል፤ የ300 ካሬ ሥር መሆኑ ነው። እዚህ ድረስ ክርክር የለም፣ ሥራው አማካይ ማውጣት ነው፤ አውቶስታከርትም በዚህ ሥራ አቻ አላየሁለትም። የሚወጣው ምስል ግን እንደ እርጎ ለስላሳ ነው። መረጃው ውስጡ አለ፣ አይታይም። መሳል የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ጊምፕም ሆነ ፎቶሾፕ ላይ ያለውን «አንሻርፕ ማስክ» በአጭሩ ልለፈው። ከፊልም ዘመን ጨለማ ክፍል የመጣ ዘዴ ነው፤ የምስሉን ደብዛዛ ቅጂ ከራሱ ላይ ቀንሶ ጠርዞችን ያጎላል። ለሰርግ ፎቶ በቂ ነው። ለጨረቃ ግን ጉድጓዱንም ብጥብጡንም እኩል ያጎላል፣ ምርጫ የለውም።

ሬጂስታክስ ሌላ ነገር ነው። የሆላንዱ ኮር ቤሬቮትስ የሠራው ይህ ነጻ ፕሮግራም ስድስተኛ እትሙ በ2011 (ሁሉም ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ወጣ፤ እስከ ዛሬም በዓለም ዙሪያ አማተሮች ይከፍቱታል። አንድ ሰው የጻፈው ሶፍትዌር ይህን ያህል መቆየቱን እንደ ባለሙያ ባርኔጣዬን አውልቄ አየዋለሁ፤ እኛ ቢሮ የምንጽፈው ሁለት ዓመት ሳይሞላው ይጣላል። የሚሠራው በዌቭሌት ነው። ምስሉን በዝርዝሮቹ ስፋት ስድስት ንብርብር ያደርገዋል። የመጀመሪያው ላይ በጣም ደቃቁ ነገር፣ ስድስተኛው ላይ ሰፋፊው ይቀመጣል፤ ለእያንዳንዱ አንድ ስላይደር አለው። ጥበቡ የመጀመሪያውን ንብርብር አለመንካት ነው፤ ብጥብጡ የሚኖረው እዚያ ነው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቀስ ብለህ ስትገፋ ኮፐርኒከስ፣ 93 ኪሎ ሜትር የሚሰፋው ጉድጓድ፣ የግድግዳው እርከኖች አንድ በአንድ ይወጣሉ። ያን ቅጽበት ያየ ሰው ስላይደሩን መልቀቅ አይፈልግም።

ችግሩም ይኸው ነው። ሬጂስታክስ የሚጠይቅህ «እንዴት እንድትሆን ትፈልጋለህ?» ብሎ ነው። ስላይደሩ 40 ላይ ነው ማለት ስለ ሰማዩም ስለ ቴሌስኮፑም ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው ስለ ፍላጎትህ ነው። ስለዚህ ማታ ሲደክምህ 40 የነበረው፣ ጠዋት ቡና ጠጥተህ 25 ይሆናል። ከልክ በላይ ሲገፋ ግን አይደብቅህም። የጨረቃ ጠርዝ ላይ ነጭ ክር ይወጣል፣ ከጉድጓዶቹ አፍ ዙሪያ የሌለ ቀለበት ይታያል። የጨረቃ ምስሎች ከተለጠፉበት የትኛውም ቦታ ይህን ነጭ ክር ታገኙታላችሁ፤ እንደ ፊርማ ነው። የዚሁ ሰው አዲስ ሥራ የሆነው ዌቭሻርፕ መደራረቡን ትቶ ማጥራቱ ላይ ብቻ ያተኩራል። ትልልቅ ምስል ለሚሠራ እሱን እመርጣለሁ። ጠባዩ ግን ያው የወላጁ ነው።

በኔ ሚዛን የሚያሸንፈው ብዙ ሰው የማያወራለት ኢምፒፒጂ ነው። ፊሊፕ ሽቼሬክ ነው የሠራው። ኮዱ ክፍት ነው፣ ከዊንዶውስ ሌላ ሊነክስ ላይም ይሠራል፣ መልኩ ደረቅ ነው፣ ስሙም ለማስታወስ ይከብዳል። ውስጡ ያለው ቀመር የሉሲ-ሪቻርድሰን ዲኮንቮሉሽን ይባላል። ዊሊያም ሪቻርድሰን በ1972፣ ሊዮን ሉሲ በ1974፣ እየብቻቸው የደረሱበት ነው። የሀብል ቴሌስኮፕ መስታወት በስህተት ተሞርዶ ወደ ሰማይ መውጣቱ በ1990 ሲታወቅ፣ ጠፈርተኞች በ1993 ሄደው እስኪጠግኑት ድረስ የደበዘዙትን ምስሎች ለማዳን ካገለገሉት ቀመሮች አንዱ ይህ ነበር። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ አንድ የብርሃን ነጥብ በአየሩና በመስታወቱ አልፎ ሲመጣ ምን ያህል እንደተበተነ ንገረኝ፤ እኔ ደግሞ በዚያ ልክ ሲበተን ያንተን ምስል የሚሰጠው ምን ዓይነት ጨረቃ እንደሆነ ዙር በዙር ልፈልግ።

ስለዚህ ኢምፒፒጂ የሚጠይቅህ «ሰማይህ ምን ያህል አደብዝዞብሃል?» ብሎ ነው። የምትሰጠው ቁጥር፣ ሲግማ የሚለው፣ በፒክስል የሚለካ እውነተኛ ትርጉም አለው። በተረጋጋ የጥር ሌሊት 1.2 ይበቃኛል፤ ሚያዝያ ላይ 1.8 ይደርሳል። ሁለት ሌሊቶችን በቁጥር ማነጻጸር ቻልኩ ማለት ነው። ይህን ሌሎቹ አይሰጡኝም። ቀለበቶቹን የሚቀንስ አማራጭም አለው። አስተካክለህ የያዝከውን ቁጥር አስቀምጦ በመቶ ፋይል ላይ በአንድ ጊዜ ያስኬድልሃል።

ቅዱስ ግን አይደለም። ዙሩን 40 ሳይሆን 300 አድርጉት፤ ብጥብጡን ሁሉ እንደ እውነተኛ ዝርዝር ቆጥሮ የጨረቃን ሜዳ ትል የወረረው ጎመን ያስመስለዋል። ሞረድም ከበዛ ቢላዋ ይጨርሳል። ልዩነቱ ጥፋቱ ዓይን ውስጥ የሚገባ መሆኑ ነው፤ ትሉን አይቶ «ቆንጆ ጉድጓድ» የሚል ሰው የለም።

ወደ ብሩሹ እንምጣ። ኤአይ የሚባሉት ማጥሪያዎች ምንም አይጠይቁም። አንድ ቁልፍ ነው። የሞከርኩትን ስሙን አልጠራም፣ ጉዳዩ የአንድ ድርጅት ሳይሆን የአሠራሩ ነውና። ሦስቱን ምስሎች ጎን ለጎን አድርጌ ለሥራ ባልደረቦቼ ሳሳይ ሁሉም የመረጡት የእሱን ነው። አልፈረድኩባቸውም፣ እውነትም ያምራል።

ፈተናው ፕላቶ ላይ ነበር። አባቶቻችን በግዕዝ አፍላጦን ያሉት ፈላስፋ ስም የወጣለት ይህ ጉድጓድ 101 ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ወለሉ በረጋ ላቫ የተሞላ፣ ጠቆር ያለ ሜዳ ነው። ሜዳው ላይ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ሜትር የሚሰፉ አራት አምስት ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉ። ያዙልኝ ያልኳችሁ ቁጥር 1.7 ነበር፤ እንግዲህ እነዚህ ከቴሌስኮፔ አቅም ጫፍ ላይ ናቸው። ሶፍትዌር የሚፈተነው እንደዚህ ባለ ቦታ ነው። የመልስ ወረቀቱም አለ። በ2009 የመጠቀችው የናሳ የጨረቃ ቃኚ መንኮራኩር፣ ብዙ ቦታዎችን አንድ ፒክስል ግማሽ ሜትር በሚሆንበት ጥራት አንስታቸዋለች፤ ለማንም ክፍት ነው።

መጀመሪያ 300ዎቹን ፍሬሞች እየዘለልኩ ለሁለት ከፈልኳቸው፣ 150 እና 150። እያንዳንዱን ለብቻ ደራርቤ በአንድ ዓይነት ቁጥር አጠራሁ። በሁለቱም ላይ የወጣ ነገር ከጨረቃ የመጣ ነው፤ በአንዱ ብቻ የወጣው ከብጥብጥ ነው። ይህን የሚያልፍ ግን ሁሉ እውነተኛ አይደለም፣ ጨረቃን በቃሉ ያጠና ፕሮግራም ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ነገር ሊጽፍ ይችላል። ስለዚህ በአጭር የፓይተን ስክሪፕት ደብዛዛው ምስል ላይ ጣልቃ ገባሁ፤ ፕላቶ ሜዳ ላይ ሁለት የሌሉ ጉድጓዶች ተከልኩ፣ አንድ ያለ ደግሞ ደፈንኩ።

ኢምፒፒጂ የተከልኳቸውን እንደ እውነተኞቹ አድርጎ አወጣቸው፣ የደፈንኩትን ተወው። ትክክል ነው። ሞረድ የቢላዋውን ባለቤት አይጠይቅም። ሬጂስታክስም እንዲሁ። ኤአዩ ግን ከተከልኳቸው አንዱን ብጥብጥ መስሎት አጠበው፣ ሌላውን የሚያምር ከንፈር ሠራለት፤ ከዚያም በኔ ምስል ውስጥም በናሳው ውስጥም የሌለ ሦስተኛ ጉድጓድ፣ ጥላው ሳይቀር ተስተካክሎ፣ አስቀመጠልኝ። ነጭ ክር የለ፣ ትል የለ። የመልስ ወረቀት ባይኖረኝ የምይዝበት አንድም መንገድ አልነበረም።

ስልክ ላይ ይህ ነገር አደባባይ ከወጣ ቆይቷል። በማርች 2023 አንድ የሬዲት ተጠቃሚ የጨረቃን ምስል ወደ 170 በ170 ፒክስል አሳንሶ፣ አደብዝዞ፣ ኮምፒዩተር ስክሪን ላይ ከፍቶ፣ ከክፍሉ ሌላ ጥግ በሳምሰንግ ስልክ አነሳው። ስልኩ ስክሪኑ ላይ ያልነበሩ ዝርዝሮችን ጨምሮ ሰጠው። ኩባንያውም ጨረቃን የሚለይና ዝርዝሯን በኤአይ የሚያጎላ አሠራር እንዳለው በጽሑፍ አብራራ። ከሌሎች አካላት ይልቅ ጨረቃ ለዚህ የተመቸች ናት፤ ሁልጊዜ አንድ ፊቷን ስለምታዞርልን፣ በዝግታ ስትወዛወዝ የምታሳየን ተደምሮ 59 በመቶዋን ብቻ ነው። በቃል ማጥናት ይቻላል።

ሳያዩ ማወቅ በራሱ ነውር የለውም። ባሕረ ሐሳብ የሚቆጥር መርጌታ መስኮት ሳይከፍት የዛሬዋ ሌሊት የጨረቃ ስንተኛ እንደሆነች ይነግርሃል፤ አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 እንደሚሞሉ ያውቃል፣ ሒሳቡም በ19 ዓመት ይዞራል። ግን ቆጠርኩ ይላል እንጂ አየሁ አይልም። ፎቶ ቤት ገብተን «ፊቴን ትንሽ አጥራልኝ» ስንልም ሁለታችንም የምናደርገውን እናውቃለን። ኤአዩ የቆጠረውን እንዳየው አድርጎ ማቅረቡ ነው የሚለየው።

ይህ ለትርፍ ጊዜ ፎቶ ብዙ ጭቅጭቅ ይመስል ይሆናል። እኔም እንዲህ እል ይሆናል፣ ሐጂ የምንላቸው ጎረቤታችን ረመዳን ሊገባ ሲል ቴሌግራም ላይ የደረሳቸውን የቀጭን ጨረቃ ፎቶ ይዘው ባይመጡ ኖሮ። ስልኩን ዘርግተው፣ «ልጄ፣ አንተ ይሄን ነገር ታውቃለህ። ይቺ ሰማይ ላይ ነበረች ወይስ ኮምፒዩተሩ ውስጥ?» አሉኝ። ፎቶው ላይ ያለችው ጨረቃ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልተቆረጠች፣ ግማሽ ክብ የሞላች ማጭድ ነበረች።

መልሱ እዚያው ነበር። በጣም አዲስ የሆነች ጨረቃ ግማሽ ክብ አትሞላም። ፈረንሳዊው አንድሬ ዳንዦን በ1930ዎቹ እንዳሳየው፣ ጨረቃ ለፀሐይ በቀረበች መጠን የሚታየው ቅስት ያጥራል፤ ቀንዶቿ ይጠፋሉ። 7 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ በዓይን ለሚያይ ሰው፣ ጭራሹን አትታይም። በዚያች ምሽት ከፀሐይ የነበራትን ርቀት ቆጠርኩ፤ ያን ያህል ቅርብ ሆና እንዲህ የሞላች ልትሆን አትችልም። ወይ ምስሉ የሌላ ቀን ነው፣ ወይ አንድ ፕሮግራም ማጭድ እንዴት እንደምትመስል ስለሚያውቅ የጎደለውን ሞልቶታል። የጎደለው ግን ዋናው ዜና ነበር፤ የጨረቃዋን ዕድሜ የሚናገረው እሱ ነው። ይህን ነገርኳቸው። «እንግዲያው የሰው ዓይን እንጠብቃለን» ብለው ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ።

ዋጋን በሚመለከት ብዙ የምለው የለም። ሞረዶቹ ሁሉ ነጻ ናቸው፣ 8 ጊጋ ራም ባለው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሄዳሉ፤ አንዴ ከወረዱ በኋላ ኢንተርኔት ቢጠፋም ይሠራሉ። ባለሙያዎች የሚወዱት ፒክስኢንሳይት በመቶዎች ዩሮ ነው፤ እዚህ ሆኖ ካርድ ፈልጎ መክፈሉ ራሱን የቻለ ፕሮጀክት ነው። ጥልቁን ሰማይ ለሚቀርጽ ይገባው ይሆናል፤ ለጨረቃ ብቻ አልመክርም።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። አውቶስታከርት ላይ እደራርባለሁ፣ ኢምፒፒጂ ላይ በሌሊቱ ሲግማ 40 ዙር እሰጣለሁ፣ ንፅፅሩን ለማስተካከል ብቻ ጊምፕ እከፍታለሁ። ከምስሉ ሥር ሲግማውንና ዙሩን እጽፋለሁ፤ የፈለገ ሰው ያልጠራውን ፋይል ወስዶ ራሱ ይሞክር። በሁለቱም ግማሾች ያልወጣ ነገር ላይ ቀስት አላደርግም። በመጨረሻው የፕላቶ ምስሌ ላይ ሦስት ጉድጓዶች በሁለቱም አሉ። አራተኛው በመጀመሪያው ግማሽ ላይ በግልጽ አለ፣ በሁለተኛው የለም። የናሳው ካርታ እዚያ ቦታ ላይ ጉድጓድ እንዳለ ይላል፤ የኔ 130 ሚሊ ሜትር ግን ገና አላየውም። ጥር ላይ፣ ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ፣ እንደገና እቀርጸዋለሁ።